ቡናን የቀደመው ወርቅ ገና ጭቃ ውስጥ እየቀረ ነው

የዲላ ስም የሚነሳው በቡና ነው። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ፣ የይርጋጨፌ ቡና ወደ ዓለም ገበያ ጉዞ የሚጀምርባት የንግድ ማዕከል ናት። የአገሪቱ ቀዳሚ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ቡና መሆኑም ለዲላ ነጋዴ ለዘመናት የማያጠያይቅ ነገር ነበር። በ2017 በጀት ዓመት ግን ደረጃው ተገለበጠ። ኢትዮጵያ ከቡና 2.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስታገኝ፣ ከወርቅ የገባው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በልጧል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወርቁ ገቢ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር አይበልጥም ነበር።

ለለውጡ ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ሲጠብ፣ በድንበር ሾልኮ ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መምጣት ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ዋጋ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ወርቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። በዚህ ዋጋ አንድ ግራም 128 ዶላር ያህል ያወጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለው ሥራ እንደ ገቢው አላደገም። ወደ ባንክ ከሚገባው ወርቅ አብዛኛው በአካፋና በገበቴ የሚሠሩ የባህላዊ አምራቾች ልፋት ውጤት ነው። በገበቴ የሚታጠበው አፈርና ድንጋይ ደግሞ ከያዘው ወርቅ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሳይሰጥ ይደፋል። የቀረውን ደቃቅ ወርቅ አሟጦ ማውጣት የሚቻለው በኬሚካል አሟሙቶ፣ ከዚያም በኤሌክትሪክ ከውሃው ለይቶ በመሰብሰብ ነው።

ከጌዴኦ ማዶ ያለው ሀብት

ከዲላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአየር መስመር ሲለካ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጉጂ ምድር የአዶላ የወርቅ ቀበቶ ይገኛል። ክብረ መንግሥትና ሻኪሶ የተባሉት ከተሞች ያደጉት በዚሁ ወርቅ ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዶላ ሸለቆዎች ወርቅ የሚለቀመው ከወንዝ ደለል በማጠብ ነበር። ወርቁ በደለል ውስጥ በፍሬ መልክ ስለሚገኝና ከአሸዋ ብዙ እጥፍ ስለሚከብድ፣ ውሃና ገበቴ ይበቁታል።

ከደለሉ በላይ ያለው እናት ድንጋይ ግን በገበቴ አይበገርም። ለገደንቢ ላይ የተገኘው ይህ ዓይነቱ ክምችት ነው። መንግሥት በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ያስጀመረው የለገደንቢ ማዕድን፣ ከዘጠናዎቹ መባቻ ወዲህ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ በሚመራው ሚድሮክ ሥር ይገኛል። የሽያጩ ዋጋ 172 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በጊዜው በፕራይቬታይዜሽን ከተላለፉት የመንግሥት ድርጅቶች መካከል ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው ትልቅ ዘመናዊ የወርቅ ማምረቻ ሆኖ ቆይቷል።

ወርቁ ውሃ የሚሆነው እንዴት ነው?

የጌዴኦ ቡና ነጋዴ ሥራውን በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። እሸት ቡና ከነገለባው ሲደርቅ ጀንፈል ይሆናል፤ ተፈልፍሎ በገንዳ ተዘፍዝፎ ሲታጠብ ደግሞ ሌላ ደረጃና ሌላ ዋጋ ያገኛል። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ፍሬ በመካከል ባለው ገንዳ ምክንያት ሁለት ዓይነት ገበያ ይገባል። ወርቅም ገንዳ አለው። ልዩነቱ የወርቁ ገንዳ ድንጋዩን ሳይሆን ወርቁን የሚያሟሟ መሆኑ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ድንጋዩ በመጀመሪያ ይሰበራል፣ ከዚያም ከውሃ ጋር እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ይፈጫል። በዚህ ጭቃ ላይ ኖራና ጥቂት ሶዲየም ሳይናይድ ተጨምሮ አየር ይነፋበታል። ማካርተርና ፎረስት የተባሉ ስኮትላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1887 በግላስጎው ያስመዘገቡት ይህ ዘዴ፣ በዓይን የማይታየውን የወርቅ ብናኝ አሟሙቶ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ልዩ ከሰል ጭቃው ውስጥ ይጨመራል። ከሰሉ የሟሟውን ወርቅ እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ወርቅ የጠገበው ከሰል ተነፍቶ ከጭቃው ሲለይ፣ በፈላ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ታጥቦ ወርቁን መልሶ ይተፋል። በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዛድራ የተሠራው ይህ የማጠቢያ ዘዴ ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

አሁን በጥቂት ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ የተከማቸ ወርቅ አለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ወርቅ የያዘ አይመስልም። ወደ ኤሌክትሪክ ገንዳው ሲገባ በአንድ በኩል የማይዝግ ብረት ዝርግ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ከዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጋር የሚመሳሰል የብረት ሱፍ ይጠብቀዋል። ዝርጉ አኖድ፣ ሱፉ ካቶድ ይባላሉ። በመካከላቸው ከ2 እስከ 4 ቮልት የሚሆን ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ወርቅ ከሱፉ ኤሌክትሮን ወስዶ ወደ ብረትነቱ ይመለሳል፤ በሱፉ ላይም ጥቁር ቡናማ ጭቃ ሆኖ ይጋገራል። ጭቃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከቦራክስና ከአሸዋ ጋር ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቀልጥ ዶሬ የሚባለው ጡብ ይወጣል። ዶሬ ወርቅ ይሁን እንጂ ንጹሕ አይደለም፤ ብርና ጥቂት መዳብ ይገኙበታል።

የመብራቱ ሒሳብ

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጠው ሕግ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ምን ያህል ብረት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ለማስላት ያስችላል። በሳይናይድ ውሃ ውስጥ ያለ አንድ የወርቅ አቶም የሚፈልገው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። በዚህ መሠረት አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ቢፈስ 7.35 ግራም ወርቅ ማውጣት ይኖርበታል።

በተግባር ግን አብዛኛው ኤሌክትሪክ ውሃውን ራሱን በመበተንና ሃይድሮጂን በማውጣት ይባክናል። ከመቶ 5 እጅ ብቻ ለወርቁ ቢውል እንኳ፣ በ3 ቮልት አንድ ኪሎ ወርቅ ለማውጣት 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ እንጀራ ሲጋገርበት ከሚወስደው አይበልጥም። ከገንዳው የሚወጣው አንድ ኪሎ ደግሞ በአውንስ 4,000 ዶላር ሒሳብ ከ128 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል።

ወጪው ያለው ከገንዳው በፊት ነው። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 3 ግራም ወርቅ ቢኖርና ከመቶ 90 እጁ ቢወጣ፣ አንድ ኪሎ ለማግኘት 370 ቶን ድንጋይ መፈጨት አለበት። አንድ ቶን ለመፍጨት ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ፣ ወፍጮው ብቻ ከ5 እስከ 7 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሌላ አነጋገር ባህላዊውን አምራች የሚያግደው የገንዳው መብራት ሳይሆን ወፍጮው፣ ኬሚካሉ፣ ቤተ ሙከራውና ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ካፒታል ነው።

ለሁሉም ብረት የማይሆን ገንዳ

ከውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚወጡት ሁሉም ብረቶች አይደሉም። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ይወጣሉ። አሉሚኒየምና ሶዲየም ግን ኤሌክትሮን ከመቀበላቸው በፊት ውሃው ራሱ ስለሚበተን፣ ገንዳው ሃይድሮጂን ብቻ ይሰጣል። አሉሚኒየም የሚመረተው ያለ ውሃ፣ በ960 ዲግሪ አካባቢ በቀለጠ ጨው ውስጥ ነው፤ ለአንድ ቶንም 14 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከሰልፌት ውሃ የሚወጣ መዳብ ለአንድ ቶን 2 ሺህ፣ ዚንክ ደግሞ ከ3 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃሉ።

መዳቡን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመዳብ ሰልፌት ለብዙ ዘመን የፈንገስ መከላከያ ሆኖ ያገለገለ ሰማያዊ ጨው ነው። በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ከመጣ ወዲህም መዳብ ያለባቸው ርጭቶች ለቡና አምራቾች እንግዳ አይደሉም። ንጹሕ የብረት ሚስማር በዚህ ጨው ውሃ ውስጥ ቢነከር በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ የመዳብ ልባስ ያበጃል። በኮንጎና በዛምቢያ የሚገኙት ፋብሪካዎች ይህንኑ በትልልቅ ገንዳዎች በኤሌክትሪክ እየሠሩ፣ የዓለምን የኤሌክትሪክ ሽቦ ገበያ የሚመግብ የመዳብ ዝርግ ያወጣሉ። በዲላ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች የሚሸጠው የሽቦ ጥቅል ዋጋም ለንደን ላይ ከሚወጣው የመዳብ ዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

ገበቴው የሚያስቀረው

ወደ ወርቁ ሲመለሱ፣ የአገሪቱ ጥቅም በዋናነት የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማኅበር 3 ግራም ወርቅ ካለው አንድ ቶን ድንጋይ 1 ግራም ቢያጥብ፣ 2 ግራም በደፋው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዋጋ ይህ ከ250 ዶላር በላይ ነው። አምራቹ የሚያየው ያገኘውን ግራም እንጂ የቀረውን አይደለም። በመሆኑም የታጠበ አፈር ያለ ዋጋ ይደፋል፤ ወይም ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው በርካሽ ይሸጣል።

ክፍተቱን በአቋራጭ ለመሙላት በአንዳንድ አካባቢዎች ሜርኩሪ ይሠራበታል። ሜርኩሪ ወርቁን ይይዛል፤ ከዚያም በእሳት ሲተን ወርቁን ትቶ ይሄዳል። ጭሱን የሚተነፍሰው ግን አምራቹና ቤተሰቡ ሲሆኑ፣ መርዙ የነርቭ ሥርዓትንና ኩላሊትን ይጎዳል። ያም ሆኖ ሜርኩሪ ደቃቁን ወርቅ እንደ ሳይናይድ አሟጦ አያወጣውም።

ሳይናይድም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ የሚያዝ ነገር አይደለም። በኖራ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሟሙቶ ይቆያል፤ ውሃው ወደ አሲድነት ካዘነበለ ግን በጥቂት ትንፋሽ የሚገድል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። የፋብሪካው ዝቃጭ በግድብ ተይዞ፣ መርዙ እስኪበሰብስ ወይም በኬሚካል እስኪመክን ድረስ ከወንዝና ከከብት መራቅ ይኖርበታል። ጉዳዩ በጉጂ የንድፈ ሐሳብ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። የለገደንቢ አካባቢ ነዋሪዎች በጤናቸውና በከብቶቻቸው ላይ ጉዳት ደርሷል በማለት ተቃውሞ ማሰማታቸውን ተከትሎ፣ የማዕድን፣ ነዳጅና ተፈጥሮ ጋዝ ሚኒስቴር በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማዕድኑን ፈቃድ አግዷል። ማምረቻው ወደ ሥራ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ የሚወሰደው የንግድ ትምህርት ግልጽ ነው። የዝቃጭ ግድብና የውሃ ምርመራ ወጪ በወቅቱ ካልተከፈለ፣ ሥራ በማቆም በሚመጣ ኪሳራ መከፈሉ አይቀርም። ለመንደሩ ደግሞ በገንዘብ የማይተካ ዕዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ገንዳ ያለው ውጭ አገር ነው

ከለገደንቢ የወጣው ዶሬ ለረጅም ጊዜ ዋና መዳረሻው ስዊዘርላንድ ነበር። ወርቁ እዚያ ሲደርስ እንደገና የኤሌክትሪክ ገንዳ ይጠብቀዋል። ኤሚል ቮልቪል እ.ኤ.አ. በ1874 በሐምቡርግ በሠራው ዘዴ ዶሬው ራሱ አኖድ ሆኖ በወርቅ ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ይሰቀላል። ወርቁ ከአንዱ ዋልታ ሟሙቶ በሌላው ላይ ከመቶ 99.99 ንጹሕ ሆኖ ይጋገራል፤ ብሩ በገንዳው ሥር ይዘቅጣል። ዘዴው አንድ ጉድለት አለው፤ ወርቁ ለቀናት ገንዳ ውስጥ ስለሚቆይ ገንዘቡ ታስሮ ይሰነብታል። ለዚህም አጣሪዎች ጥድፊያ ሲኖር በክሎሪን ጋዝ ማጣራትን ይመርጣሉ።

የማጣሪያው ፋብሪካ ለምን አገር ውስጥ አይሆንም የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። እውነቱን ለመናገር የማጣራት ክፍያ ከወርቁ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ በማጣራት ብቻ አገር አይከብርም። አጣሪው የሚሸጠው በዋናነት እምነትን ነው። የለንደን ገበያ የሚቀበለው 400 አውንስ የሚመዝን የወርቅ ጡብ ቢያንስ ከመቶ 99.5 ንጹሕ መሆን አለበት፤ ማኅተሙም በገበያው ዝርዝር ላይ የሰፈረ አጣሪ መሆን ይኖርበታል። በዝርዝሩ ለመግባት በዓመት ቢያንስ 10 ቶን ወርቅ ማጣራት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከ30 ቶን በላይ ወርቅ ስለላከች የመጠን ችግር የለባትም። የሚቀረው ወርቁ ከየት ጉድጓድ፣ በማን እጅ፣ በምን ዘዴ እንደወጣ በሰነድ ማሳየት ነው። በአፍሪካ ለዓመታት በዝርዝሩ ብቻውን የቆየው እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው የደቡብ አፍሪካው ራንድ ማጣሪያ መሆኑ፣ እምነት በአንድ ጀምበር እንደማይገነባ ያሳያል።

ለዲላ ገዢና ሻጭ

ይህ ሁሉ ከዲላ ወርቅ ቤት መስታወት ጀርባ ካለው ቀለበት ጋር ይገናኛል። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። 21 ካራት ከመቶ 87.5፣ 18 ካራት 75 እጅ ወርቅ አለው። ባህላዊ አምራቹ የሚያመጣው ጥሬ ወርቅም እንደየቦታው ብርና ሌላ ብረት ስለሚቀላቀልበት፣ ዋጋው የሚወሰነው በሚዛኑ ብቻ ሳይሆን በንጽሕናው ነው። በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ የሚደረገው ምርመራ ግምት ይሰጣል እንጂ ትክክለኛ መጠን አይነግርም። ግምቱን የሚሰጠው ደግሞ ገዢው በመሆኑ፣ ስሕተቱ ወደ ሻጩ ጥቅም የሚያደላበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ገዢም ቢሆን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ያው የኤሌክትሪክ ገንዳ ወርቅን ከውሃ አውጥቶ በናስ ወይም በብር ላይ ሊቀባ ይችላል። 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጌጥ በአንድ ማይክሮን ውፍረት ወርቅ ቢቀባ፣ በላዩ ያለው ወርቅ 0.02 ግራም እንኳ አይሞላም። ጌጡ እንደ ወርቅ ያበራል፤ ለዕዳ ማስያዣ ወይም ለክፉ ቀን ሲሸጥ ግን የናስ ዋጋ ብቻ ያወጣል። ከወርቅ ቤቱ የካራት መጠን የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል ቀላሉ መከላከያ ነው።

የጌዴኦ ቡና ለዛሬ ዋጋው የበቃው ዛፉ ስለተለወጠ አይደለም። የማጠቢያ ጣቢያው ለአርሶ አደሩ ስለቀረበ፣ ቡናውም በደረጃ ስለተመደበ ነው። የወርቁም መንገድ ከዚህ የተለየ አይሆንም። ባህላዊ አምራቾች በጋራ የሚጠቀሙበት ወፍጮና በባለሙያ የሚጠበቅ የማሟሚያ ገንዳ፣ ለዝቃጩ የሚሆን ግድብ፣ በመግዣ ቦታው ላይ ደግሞ ከገዢው ነጻ የሆነ የንጽሕና መመርመሪያ ቢኖር፣ አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር ከዚያው አፈር ተጨማሪ ወርቅ ይገኛል። ይህ ካልሆነ ግን የዓለም ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር የገቢው አኃዝ ያምራል፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ በየሸለቆው የሚቀረው በግማሽ የታጠበ የአፈር ክምር ነው።